ከሰዮ እስከ ጊንጪ፦ የሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያንና የፍትሕ ጥያቄ በምዕራቡ ጎዳና

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደር፣ በጌዶ፣ በኢጃጂና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ ይገባና ወደ ቄለም አገር፣ እስከ ደምቢ ዶሎ ይዘልቃል። ቡናው ወደ መሐል አገር ሲወጣበት፣ አስተማሪው፣ ድሬሰሩ፣ ተማሪውና ወታደሩ ሲመላለሱበት በኖረው በዚህ መንገድ አንድ የእምነት ልማድም አብሮ ተጉዟል፤ ይኸውም ተራው ምእመን ራሱ በመረጣቸው ሽማግሌዎች የሚመራበት፣ ወንጌልን ከመስበክ ጎን ለጎን ስለ መሬት፣ ስለ ፊደልና ስለ ሰው ክብር መናገርን እንደ ግዴታው የቆጠረ የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ልማድ ነው። የልማዱ አንደኛው ምንጭ ደምቢ ዶሎ ላይ የሰፈረው የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሲሆን፣ ሌላው በነቀምቴና በቦጂ የተተከለው የሉተራውያን ሥራ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ቤተ ክርስቲያን እስኪሆኑ ድረስ ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጄኔቫው ጆን ካልቪንና ከስኮትላንዱ ጆን ኖክስ ትምህርት የተነሡ ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ፣ ዋና መለያቸው ቤተ ክርስቲያንን በጳጳስ ሥልጣን ሳይሆን በሽማግሌዎች ጉባኤ ማስተዳደራቸው ነው። እያንዳንዱ የአጥቢያ ማኅበር ሽማግሌዎቹን ይመርጣል፤ የበርካታ አጥቢያዎች ሽማግሌዎችና ቄሶች በአንድነት ሲሰበሰቡ ፕሬስቢተሪ የሚባለውን የአካባቢ ጉባኤ ያቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ሲኖዶስና ጠቅላላ ጉባኤ አለ። በዚህ ሥርዓት ገበሬው ከቄሱ እኩል አንድ ድምፅ ስላለው፣ ጉባኤው የመንፈሳዊ ነገር መወሰኛ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ ሰው ችግሩን ይዞ ይመጣል፣ ችግሩም ይመዘገባል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የሰሜን አሜሪካ የተባበረው ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1858 በፒትስበርግ ሲመሠረት ባሪያ ማሳደርን ኃጢአት ብሎ በእምነት መግለጫው የኮነነ ነበርና፣ በግብፅና በሱዳን አልፎ ወደ ባሮ ተፋሰስ ሲዘልቅ ይህን አቋም ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ በምዕራብ ኢትዮጵያ የቆመ ስላልነበር አቋሙ የሩቅ አገር ጉዳይ አልነበረም።

ከፕሬስቢቴሪያኖቹ በፊት ግን መንገዱን የጠረጉት ከባርነት ቀንበር የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ታፍኖ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮን ዘንድ ተማረ፤ እርሷም ከባርነት ከተረፈችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። በሥራው ውስጥ የአስቴር ድርሻ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ስሟ ከኦነሲሞስ ስም ኋላ ተጥሎ መኖሩ የታሪክ ጸሐፊዎች እዳ ነው። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነቀምቴ ገብቶ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምር ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ መማሩ ብዙ ሰው ስቦ ነበርና፣ በካህናት ተከስሶ ለዓመታት እንዳይሰብክ ታገደ። ከዚህ ክስ ጀምሮ የቋንቋ ጉዳይ ከወንጌላውያኑ ታሪክ ተለይቶ አያውቅም።

የፕሬስቢቴሪያኑ ታሪክ የሚጀምረው በመቅሠፍት ዓመት ነው። በኅዳር 1911 የገባው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ያለው፣ አዲስ አበባንም ምዕራቡንም ባጠቃ ጊዜ፣ የሰዮ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ከሱዳን ድንበር ማዶ ሐኪም መኖሩን ሰምተው እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ናስር በተባለ የሶባት ወንዝ ጣቢያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ጥሪውን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1919 በጋምቤላ በኩል ወጥቶ ሰዮ፣ በኋላ ደምቢ ዶሎ በተባለችው ከተማ፣ ተቀመጠ። ሚስዮኑ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ላምቢ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተዋውቆ በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል አሠራ። በምዕራቡ አገር ሕክምና የሃይማኖት በር መክፈቻ ሆኖ መግባቱ ኋላ ላይ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለት ዓይነት ውርስ ትቷል፤ በአንድ በኩል ሥጋን መፈወስና ነፍስን ማዳን እንደ አንድ ሥራ የሚታይበት ልማድ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ተቋም ነው። ሁለቱም ውርሶች ከ50 ዓመት በኋላ አንድ ላይ ይጋጫሉ።

በሰዮ የታየው ትልቁ ለውጥ ግን ከሐኪሙ ይልቅ በአንድ ለማኝ ሕይወት የተገለጠ ነው። ጊዳዳ ሶለን በአምስት ዓመቱ በፈንጣጣ ዓይነ ስውር ሆኖ በገበያ ዳር ለምኖ የሚያድር ልጅ ነበር። ሚስዮኑ ዘንድ ቀርቦ ትምህርቱን ሲሰማ ያደረበት እምነት ከልመና አስነሥቶ አስተማሪ አደረገው፤ ማንበብ የማይችል በመሆኑ የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍሎች በጆሮው ሰምቶ በቃሉ እያጠና፣ ልጅ እየመራው ከመንደር መንደር እየዞረ በኦሮምኛ ሰበከ። በዚያ ኅብረተሰብ ዘንድ ዓይነ ስውር ለማኝ ቃሉ የሚሰማ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚፈርድ፣ ኋላም ቄስ ሆኖ የሚያጠምቅ ሰው መሆኑ ራሱ ከማናቸውም ስብከት የበለጠ የሚናገር ነገር ነበር። ጊዳዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሞ በወጣ የሕይወት ታሪኩ ይህን ጉዞ ራሱ ተርኮታል።

በ1928 ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትይዝ ሚስዮናውያኑ ለቅቀው እንዲወጡ ተገደዱ። በደምቢ ዶሎ ዙሪያ የቀረው ማኅበር በጊዳዳና በማሞ ጮርቃ መሪነት በቤት እየተሰበሰበ፣ ያለ ውጭ ገንዘብና ያለ ውጭ አስተማሪ፣ ከነበረው እጅግ በዛ። ሚስዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት የራሱን ሽማግሌዎች መርጦ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ማኅበር ነበርና፣ ቀድሞ የነበረው የአሳዳጊና የታዳጊ ግንኙነት እንደማይመለስ ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ራሷን የቻለች የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። በኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ምእመናን ያለ ሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ማቆም እንደሚችሉ በተግባር የታየው በእነዚህ አምስት የጭንቅ ዓመታት ነው፤ በኋላ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የሆኑት ጉዲና ቱምሳ ከ30 ዓመታት በላይ ቆይተው ራስን ስለ መቻል ሲጽፉ የሚያመለክቱት ምሳሌ ከቤታቸው አጠገብ ነበራቸው።

ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ፖሊሲ ደግሞ ለወንጌላውያኑ እምነት ሌላ ቅርጽ ሰጠው። በነሐሴ 1936 የወጣው የሚስዮኖች ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈለ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች በብዛት የሚኖሩባቸው አካባቢዎች «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» ተብለው የውጭ ሚስዮኖች በዚያ ትምህርት ቤትና ሕክምና እንጂ የሃይማኖት ስብከት እንዳያካሂዱ ተከለከሉ፣ ሌሎቹ አካባቢዎች ግን ክፍት ተባሉ። ሚስዮናውያን በማስተማሪያነት አማርኛን እንዲጠቀሙም ደንቡ አዘዘ። የሸዋ አብዛኛው ክፍል በተከለለው ወገን በመሆኑ፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የወንጌላውያን እምነት የተስፋፋው በሚስዮናዊ ሰባኪ ሳይሆን፣ ከወለጋ ወደ መሐል አገር በሚመጡና ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወርዱ ምእመናን ነበር፤ ለመንግሥት ትምህርት ቤት የተመደበ አስተማሪ፣ በጤና ጣቢያ የተቀጠረ ድሬሰር፣ ለትምህርት የመጣ ወጣት ወንጌሉን ይዞ ይደርስ ነበር። በዚያን ጊዜ አምቦ፣ በይፋ ስሟ ሀገረ ሕይወት፣ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከ1939 ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበራትና ከየአውራጃው ልጆች ይመጡባት ነበር። በተከለለ ክልል የተተከለ እምነት ከጅምሩ የተራው ምእመን እምነት መሆኑ፣ ኋላ ሕንፃዎች ሲዘጉና መሪዎች ሲታሰሩ ለመቆየት የረዳው ባሕርይ ነው።

የሉተራውያኑ ማኅበራት ጥር 13 ቀን 1951 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን ሲመሠርቱ ምእመናኑ 20,000 ያህል ነበሩ። በ1955 የፕሬዝዳንትነቱን ኃላፊነት የተረከቡት በቦጂ የተወለዱት አምባሳደርና ሚኒስትር አማኑኤል አብርሃም ሲሆኑ፣ የንጉሡ ባለሥልጣን መሆናቸው ቤተ ክርስቲያኒቱ በቤተ መንግሥት ዘንድ እንድትሰማ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ጉዲና በ1921 በቦጂ ተወልደው፣ በነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ሠርተው፣ በዚያው ከተማ በቅስና አገልግለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ የነገረ መለኮት ትምህርት ተከታትለው የተመለሱ ሰው ናቸው። በሚኒሶታ የቆዩባቸው ዓመታት የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ከፍ ብሎ የተነሣባቸው ናቸው፤ በተመለሱ በማግሥቱም የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ዘረኝነትን፣ ጦርነትንና ድህነትን የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ያደረገውን የ1967ቱን (እ.ኤ.አ.) የእምነት መግለጫ አጸደቁ።

በምዕራብ ሸዋ ድህነት ስሙ መሬት ነበር። በጅባትና ሜጫ አገር ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬቱ ለመኳንንት፣ ለቤተ ክህነትና ለመልከኞች ተከፋፍሎ፣ አራሹ የጭሰኛ ኑሮ ይገፋ ነበር፤ እንደ ውሉም ከምርቱ ሲሶውን፣ እርቦውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ያስረክባል፣ በዚያ ላይ አሥራት ይከፍላል፣ የባለርስቱን እህል ያጓጉዛል፣ አጥሩን ያጥራል። አሥራቱ እ.ኤ.አ. በ1967 በእርሻ ገቢ ግብር ቢተካም፣ አራሹ በማንኛውም ክረምት ከመሬቱ ሊነቀል ይችል ነበር። ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ ከእንቅስቃሴው መሪዎች አንዱ የጉዲና ታናሽ ወንድም ባሮ ቱምሳ ነበር። ጥር 16 ቀን 1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም በስሙ የዚህን አገር ሕዝብ ጠርቶ፣ በመዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ተነሣ፤ እነ ኮሎኔል አለሙ ቂጤሳና ጄኔራል ታደሰ ብሩ የመሩት ይህ ማኅበር የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ባይሆንም፣ ኦርቶዶክሱን፣ ወንጌላዊውንና ሙስሊሙን በአንድ መዋጮ ያሰባሰበ ነበር። መንግሥት በ1959 አገደው፤ መሪዎቹም ታሰሩ።

ከዚህ ጎን ለጎን መካነ ኢየሱስ ያስጀመረችው ሥራ ሲታይ ጸጥ ያለ፣ ውጤቱ ግን ሥር የሰደደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየአጥቢያው የማታ ትምህርት አስከፈተ። ቀኑን ሲያርስ የዋለ ጎልማሳ ማታ በፋኖስ ብርሃን ሀሁ ይቆጥራል፤ አስተማሪው ብዙ ጊዜ ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ የዚያው ሰፈር ወጣት ነው፤ ፊደል ቆጥሮ የወጣው ሰው የግብር ደረሰኙን ራሱ ያነባል፣ በአውራጃ ፍርድ ቤት የሚጻፍበትን ክስ ያውቃል፣ በጉባኤውም ለሽምግልና ይመረጣል። ጭሰኛው ያለ ጸሐፊ ውሉን ማንበብ መቻሉ በባለርስቱና በእርሱ መካከል የነበረውን ሚዛን የነካ መሆኑ አያጠራጥርም። የትምህርቱ ቋንቋ ግን አማርኛ ነበር፤ ኦሮምኛ በጽሑፍ እንዳይታተም በተገደበበት በዚያ ዘመን የቤቱን ቋንቋ በጽሑፍ ያላየ ገበሬ በሌላ ቋንቋ ማንበብ መማሩ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ተከድኖ የቆየ ጥያቄ ነበር።

በግንቦት 1964 የመካነ ኢየሱስ መሪዎች፣ በተለይም ጉዲና፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፉት ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በዓለም ዘንድ ታወቀ። በጊዜው የአውሮፓ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለክሊኒክ ገንዘብ በገፍ ሲሰጡ፣ ለወንጌል ስርጭት፣ ለአገልጋዮች ሥልጠናና ለአጥቢያ ግንባታ ግን እምቢ ይሉ ነበር። ደብዳቤው ይህ ክፍፍል ሰውን ለሁለት መቁረጥ እንደሆነ፣ የአፍሪካ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ሳይለያዩ እንደሚኖር፣ ከውስጥ ነፃ ያልወጣ ሰው በውጭ የተሰጠውን ልማት ለጭቆና ሊያውለው እንደሚችል አስረዳ። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1974 በናይሮቢ እስከ ተደረገው ዓለም አቀፍ ምክክር ዘለቀ። በዚያን ጊዜ ያልተለመደው ነገር ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ለሰጪዎቹ የምትፈልገውን ሳይሆን የሚያምኑት ነገር የት ላይ እንደ ጎደለ መንገሯ ነው። ደብዳቤውን እንደ ገንዘብ ጥያቄ ብቻ ያነበቡ የውጭ ሰዎች ዋናውን ነገር ስተውታል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ደርግ የተባለው ወታደራዊ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ወሰነ፣ የጭሰኝነትን ውልም ሻረ። በጅባትና ሜጫ አገር ይህ አዋጅ የትውልዶችን ሸክም ያወረደ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያው ዓመት ለአጥቢያዎቿ በላከችው የእረኝነት ደብዳቤ ለውጡን በደስታ ተቀብላ፣ ክርስቲያኖች ለፍትሕ ሥራ እንዲተባበሩ አሳሰበች፤ ነገር ግን ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ሆኖ እንደማይመለክ፣ ፍጹም የሆነው እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ አክላ ጻፈች። ይህ ሐሳብ በአጭር ዓረፍተ ነገር የተቀመጠ ቢሆንም ኋላ የመጣው ስደት ሁሉ ከእርሱ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ቤቴል ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች፤ በዚህም የሰዮ ፕሬስቢቴሪያኖችና የነቀምቴ ሉተራውያን በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀመጡ። በትምህርተ ሃይማኖት ረገድ በቅዱስ ቁርባን ላይ የሚለያዩት ሁለቱ ወገኖች በአውሮፓ ለ400 ዓመታት ያህል ሳይግባቡ ኖረው፣ በኢትዮጵያ ምዕራብ አንድ ለመሆን የበቁት አንድ ቋንቋ፣ አንድ የገበሬ ሕይወትና አንድ ዓይነት የሽማግሌ አስተዳደር ስለነበራቸው ነው።

ደርግ ሶሻሊዝምን በይፋ ካወጀ በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ «የባዕድ ሃይማኖት» የሚል ስም ተሰጣት። ወጣቱ ከምእመንነቱ ይልቅ በ«ጴንጤ»ነቱ ይጠራ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው መፈክር እንዲያሰማ ያስገድደው፣ እምቢ ሲል ይታሰር ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ጉዲና ግን ኦርቶዶክስን፣ ካቶሊክንና ወንጌላውያንን ያሰባሰበ የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት እንዲቋቋም አስተባብረው፣ መሪም ሆነው ተመረጡ፤ ባሮ ቱምሳ በበኩሉ የኦሮሞ ነፃነት ግንባርን ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ ጫካ ገብቶ በ1970 ሞተ። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድሞች ለአንድ ሕዝብ ፍትሕ ሁለት መንገድ መረጡ፤ መንግሥት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አላየም። ጉዲና በ1971 ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። የታንዛንያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ባመቻቹላቸው መንገድ ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው ቢለምኗቸውም፣ መንጋውን ትተው የሚሄዱ እረኛ አይደሉምና እንቢ አሉ። ከመታፈናቸው ጥቂት ቀደም ብለውም ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ ዕርዳታ ተላቃ በምእመናን መዋጮ እንድትቆምና ምእመናኑ ራሳቸው ለአገልግሎት እንዲሠለጥኑ የሚያሳስብ ማስታወሻ ለፕሬዝዳንቱ ጽፈው ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ምሽት ጉዲና አዲስ አበባ በሚገኘው የኡራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አስተምረው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ፣ የደርግ ሰዎች አፍነው ወሰዷቸው፤ ጉዲናም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ከሥልጣን ተነሥተው በእስር የነበሩት የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ በ1972 ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ ያለ ፍርድ ለ10 ዓመታት ያህል በእስር ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓመታት ዋና ጸሐፊዋ ሕያው ይሁን የሞተ ሳታውቅ ኖረች።

ከ1973 በኋላ በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ተዘጉ፤ የቀድሞው የቤቴል አገር ቄለም በተለይ ተመታ፣ ሕንፃዎች የቀበሌና የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ሆኑ። በዚህ ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ የተፈጸመው በቤት ውስጥ ነው፤ ምእመናን በሁለትና በሦስት ቤተሰብ እየተከፈሉ፣ ዝማሬውን ዝቅ አድርገው፣ በለቅሶና በማኅበር ሰበብ እየተሰበሰቡ ቆዩ። ይህም ጣልያን በነበረበት ዘመን ሽማግሌዎቹ የሠሩበት ዘዴ ራሱ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ሽማግሌዎች ሆነው ማኅበሩን የሚጠብቁት ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጸሎት የሄዱ ልጆች መሆናቸው ነው።

ደርግ በ1983 ከወደቀ በኋላ የጉዲና አጽም በቀድሞው የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኝቶ፣ ሰኔ 20 ቀን 1984 በክብር ተቀበረ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ኦሮምኛ በሕግ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ፍርድ ቤት ሲገባ፣ ኦነሲሞስ በነቀምቴ የተከሰሰበት ቋንቋ በአምቦና በጊንጪ አጥቢያዎች በይፋ የሚሰበክበት፣ የሚዘመርበትና ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት ቋንቋ ሆነ። ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን የወለዷቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1987 ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ መርተው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በ1993 ከገዢው ፓርቲ ጋር ተጋጭተው ወጡ፤ በ1997ቱ ምርጫ የደምቢ ዶሎ ሕዝብ በግል ተወዳዳሪነት ወደ ፓርላማ መልሷቸው፣ ጥቅማ ጥቅማቸውን አጥተውም ለእስረኞች መብት መናገራቸውን ቀጠሉ። የለማኙ ልጅ ፕሬዝዳንት መሆኑን የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ ከፕሬዝዳንትነት ወርዶ የአባቱን አገር ሕዝብ በደል ያለ ፓርቲ ሽፋን መናገሩ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የበለጠ ክብደት ያለው ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚህ ዘመን ምእመናኗ ወደ ሚሊዮኖች ከፍ ሲሉ፣ የልማትና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን አቋቁማ በውኃ፣ በጤና፣ በትምህርትና በዕርዳታ ሥራ ላይ ሰፍታ ተሰማራች። እ.ኤ.አ. በ1997 ጠቅላላ ጉባኤው ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ ወሰነ፤ በእርሻውም በጸሎቱም ከፊት የነበረችው ሴት በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ያገኘችው በዚህ ነው። ይሁንና በ2005 የጋብቻን ትምህርት ለውጠዋል ብላ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። ይህን ያየ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ሰው ግራ ይጋባል፤ ስለ ገበሬ መሬትና ስለ ድሆች መብት የሚናገሩትን ምዕራባውያን ፕሬስቢቴሪያኖች የሚመስለው ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ነገር ከእነርሱ ጋር አይስማማምና። በምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ሁለቱ አቋሞች ከአንድ ምንጭ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና ከሽማግሌዎች ውሳኔ፣ የወጡ ተደርገው ይታያሉ።

የመሬት ጥያቄ ደግሞ መልሶ ወደ ጎዳናው መጣ። የአዲስ አበባን ከተማ ከዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪው ገበሬ ያለ ካሳ ይፈናቀላል ብለው በሚያዝያ 2006 አደባባይ ወጡ፤ የጸጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስም የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 መጀመሪያ ጊንጪ ላይ የትምህርት ቤት ሜዳና የጭሊሞ ደን ለባለሀብት መሰጠትን የተቃወሙ ተማሪዎች የለኮሱት ሰልፍ በመላው ኦሮሚያ ተስፋፋ። ይህ እንቅስቃሴ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ የወንጌላዊውም ልጆች ወጥተዋል፤ ግን በሰልፉ ከወጡት መካከል ከጊንጪ፣ ከጉደርና ከጌዶ አጥቢያዎች የመጡ፣ በኦሮምኛ የሚዘምሩ ወጣቶች ነበሩበት፤ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁትም ወላጆቻቸው በየካቲት 1967 የተቀበሉት መሬት የማን እንደሆነ ነው። በጥር 2008 ክልሉን የሚያስተዳድረው ፓርቲ ማስተር ፕላኑ መቅረቱን አስታወቀ፤ ሰልፉ ግን አልቆመም፣ ከአምቦ እስከ ደምቢ ዶሎ ባለው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ተሽከርካሪ መሄድ ያቆመባቸው ቀናትም ብዙ ነበሩ።